የሰሌን ውሃ ድምር

አበባው የተገኘው ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ ከገንዳ ውሃ ከተማ በሞተር ሳይክል የአንድ ሰዓት መንገድ በሚርቀው በሰሌን ውሃ ረግረግ፣ ከትልቁ ቦይ ዳር፣ ደንገሉ መካከል በደረቱ ተደፍቶ። ስልኩ ኪሱ ውስጥ፣ ማስታወሻ ደብተሩ በፌስታል ተጠቅልሎ ብብቱ ሥር ነበር። ሰውነቱ ላይ የዱላም የስለትም ምልክት የለም። ሐኪሙ «ውሃ ነው የገደለው» ብሎ ፈረመ።

አበባው በወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ነበር፤ ዕድሜው ሠላሳ አራት፣ ዋና የማይችል። ዋና የማይችል ሰው ውሃ ውስጥ ወድቆ ሞተ ብሎ መዝገቡን መዝጋት ቀላል ነበር። የወረዳው ፖሊስ አዛዥ ኮማንደር ዙፋን ግን ቀላል ነገር አትወድም፤ የሟቹን ሚስት አሰረች።

ኢንስፔክተር ታንጉ ይህን የሰማችው ማክሰኞ ማለዳ በስልክ ነው። እሷና ዙፋን በአንድ ዓመት ፖሊስ ማሠልጠኛ ገብተው በአንድ ዓመት የወጡ ናቸው። የኮማንደርነቱ ማዕረግ ግን ከስድስት ወር በፊት ለዙፋን ብቻ መጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ታንጉ አለቃዋን በስምም በማዕረግም ጠርታት አታውቅም። ስልክ ሲደወል «አቤት» ትላለች፣ ሲያልቅ «እሺ» ትላለች። ቅናት መሆኑን አላጣችውም፤ ማወቋ ግን ምንም አላቀለለላትም።

«ሚስቲቱ ናት» አለች ዙፋን። «እሑድ አመሻሽ ላይ ‹ሂድና በዚያው ቅር› ብላ ስትጮህ ጎረቤት ሰምቷል። ሲሻገር የሚደገፍበትን ዘንግ አልጋዋ ሥር ደብቃ አገኘነው። ነገ አራት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት ትቀርባለች። አንቺ የቀረውን ቃል ሰብስቢልኝ።»

«እሺ» አለች ታንጉ። ዙፋን ተሳስታ ብትገኝ ደስ እንደሚላት ለራሷ አልደበቀችም። ይሁንና ደስታዋን ለማግኘትም ቢሆን መሥራት ነበረባት።

ሠላማዊት የሰባት ወር ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ዓይኗ አብጧል። ታንጉ ጥያቄዋን ሳትጀምር እሷ ጀመረች።

«ቀናሁ» አለች። «በየሳምንቱ ሰኞ ሰሌን ውሃ! ዝናብ ቢሆን፣ በዓል ቢሆን፣ ሰሌን ውሃ! ለካ እዚያ ሻይ የምታፈላ ሩፊዳ የምትባል ሴት አለች። ዘንጉን የደበቅሁት እንዳይሄድብኝ ነው። ቦዩ ላይ የተጋደመ ግንድ አለ፤ ዘንጉን ውሃው ውስጥ እየተከለ ነው የሚሻገረው። ያለ ዘንግ ይሄዳል ብዬ አላሰብኩም።»

«ስለ ሩፊዳ ማን ነገረሽ?»

«ለእኔ ያዘነ ሰው ነው። ስሜን እንዳታነሺ ብሎኛል።»

«መቼ ነው የነገረሽ?»

«ዓርብ ዕለት።» ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «እመቤቴ፣ ነገ ወህኒ ከወረድኩ ይህን ልጅ ለማን ልስጠው? የእኔም እናት የለችም፣ የባሌም እናት የለችም። ባሌን ገድዬ ይሆን? ይህን እንኳ አላውቅም።»

ታንጉ ሞተሯን አስነስታ ወጣች።

ሰሌን ውሃ መስከረም ላይ ለምለም ነው። ከሩቅ ሲያዩት ማንም የሚሞት መሬት ነው አይለውም። ቀረብ ሲሉ ግን ቦዮቹ ይታያሉ፤ እያንዳንዱ ባለ እርሻ ሰሊጡን ውሃ እንዳያበሰብስበት የየራሱን ቦይ ቆፍሮ ረግረጉን ወደ ትልቁ ቦይ ያፈስሳል። በትልቁ ቦይ ላይ ግንዱ ተጋድሟል። ከግንዱ ራስ ላይ የውሃ ከፍታ የሚነበብበት ቢጫ ቀለም የተቀባ ምሰሶ ቆሟል። ታንጉ ደረቅ መስሏት ነካችው፤ ቀለሙ ጣቷን ያዘው።

«እርጥብ ነው እህቴ፣ ይጠንቀቁ!» የምትል ሴት ከሻይ ዳሷ ወጣች። የቀሚሷ ጠርዝ ላይ ቢጫ አለ። ሩፊዳ ናት። «እሑድ ከሰዓት የቀባሁት እኔ ነኝ። አበባው የዘይት ቀለም ልኮልኝ። በዚህ እርጥበት በሳምንትም አይደርቅ።»

«ከአበባው ጋር ምን ያገናኝሻል?»

«ቁጥር» አለች ሩፊዳ ተቆጥታ። «እሱ ሰኞ ሰኞ ይህንንም ከግንዱ ማዶ ያሉትንም ምሰሶዎች ያነባል፣ በቀሩት ቀናት ይህን እኔ አንብቤ እጽፍለታለሁ። ሌላ ነገር የሚያወራ ሰው ካለ አላህ ይይለት።»

«ሰኞ ጠዋት ውሃው እንዴት ነበር?»

«ሰው ሲጮህ ደርሼ ሳየው ግንዱን ሁለት ስንዝር ውጦት ነበር። እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ደግሞ ከሥር ይስባል። ቀይ ጨርቅ ቢኖር ኖሮ አይሻገርም ነበር።»

«የምን ቀይ ጨርቅ?»

ሩፊዳ ይህን የማያውቅ ሰው መኖሩ ገረማት። «ከላይ የውሃ በር የከፈተ ሰው ግንዱ ራስ ላይ ቀይ ጨርቅ ያስራል። ቀይ ካለ ውሃው ይስባልና የሚሻገር የለም። ቀይ ከሌለ ግንዱ ቢሸፈንም ዝናብ ያመጣው የቆመ ውሃ ነው፤ ሰው ቀስ ብሎ ይሻገራል። ሰኞ ጠዋት ጨርቅ አልነበረም።»

«ውሃ የሚዘጋስ ሰው ጨርቅ ያስራል?»

«ለመዝጋት ደግሞ ማን ጨርቅ ያስራል?» አለች ሩፊዳ።

ታንጉ ይህን ደጋግማ አሰበችው። ከግንዱ በላይ ያለው እርሻ የሐጂ ሙኽታር ነው፤ የመተማ ዮሐንስ ነጋዴ፣ በስተርጅና ሰሊጥ የጀመሩ። ከግንዱ በታች ያለው የጌጡ ነው፤ ከጎንደር የመጣ ባለሀብት። ሁለቱ ሦስት ክረምት ሙሉ አንዱ የሌላውን ማሳ ሲያይ የሚከርሙ ጎረቤታሞች ናቸው። ሐጂ የጌጡ ሰሊጥ አበባ ሲያወጣ ምግብ አልበላ ይላቸዋል፤ ጌጡ የሐጂን አዲስ ትራክተር ድምፅ ሲሰማ ራሱን ያመዋል።

ሐጂ ሙኽታርን ያገኘቻቸው በማሳቸው ዳር ነው። የአውራ ጣታቸው ጥፍር ቢጫ ነው። ታንጉ ዓይኗን ከጥፍራቸው ላይ ሳታነሳ ጠየቀች።

«እሑድ የውሃ በርዎን ከፍተዋል?»

«ከፍቻለሁ» አሉ ሐጂ። «ፀሐይ ስትገባ። የጌጡ ሰሊጥ እንዲያ ቆሞ፣ የእኔ ሥሩ ሲበሰብስ እያየሁ ልቀመጥ? ዝናብ እየመጣ ነው፣ እሑድ ካልከፈትክ ኻላስ፣ አለቀልህ ተባልኩ።»

«ጨርቅስ?»

«ወላሂ አስሬአለሁ! ምሰሶው ላይ! ይህን ጥፍሬን አያዩትም? ያቺ ልጅ ቀለም ቀብታው ኖሮ እጄ ተበላሸ።»

«እሑድ ክፈት ያልዎት ማን ነው?»

«የሚያውቅ ሰው ነው። አደራ ብሎኛል።»

«ቀኑስ?»

«ከጁምዓ መልስ ነው ያገኘኝ።»

ጌጡ ደግሞ ሳይጠየቅ ተቆጣ። እጆቹ ንጹሕ ናቸው። «አዎ፣ ደፍኛለሁ! እሑድ ቀን ላይ ስልሳ ማዳበሪያ አሸዋ ደርድሬያለሁ። የሱን ውሃ ተቀብዬ የእኔ ሰሊጥ ይበስብስ?»

«ሐጂ እሑድ እንደሚከፍቱ እንዴት አወቁ?»

«ተነገረኝ።»

«ዓርብ?»

ጌጡ አፉ ተከፈተ። «እንዴት አወቅሽ?»

«ማን ነገረዎት?»

«ለእኔ አስቦ የነገረኝን ሰው አሳልፌ አልሰጥም» አለ። ከዚያም ድምፁ ዝቅ አለ። «ሰኞ ጠዋት ጩኸቱን ስሰማ ማዳበሪያዎቹን አስነሳሁ። ውሃው ወዲያው ወረደ። ፈርቼ ነው።»

የቀረው የአበባው መሥሪያ ቤት ነበር። እዚያ አንድ ክፍል ይጋሩ የነበሩት አበባውና ለይኩን ናቸው። ለይኩን ሃምሳ ሊሞላው ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ የብረት ሰዓቱ ዘወትር እጁ ላይ። ታንጉን በክብር አስቀምጦ አሥራ አንድ ፋይል ፊቷ ደረደረ።

«የሰሌን ውሃ ቦዮች ፈቃድ ነው። ሁሉንም የገመገምኩት እኔ ነኝ» አለ። «እያንዳንዱ ከረግረጉ የሚያደርቀው ከመቶ አምስት አይሞላም። ስለዚህ ‹ተጽዕኖው አነስተኛ ነው›። መመሪያው አንዱን ለብቻው ገምግም ይላል፣ ገመገምኩ። ልጁ መጣና ሁሉንም ደምሮ የረግረጉ ግማሽ ሊጠፋ ነው፣ የሦስት ቀበሌ የጉድጓድ ውሃ ሊደርቅ ነው፣ አሥራ ሁለተኛ ቦይ አይፈቀድም አለ። ነገ እዚሁ አዳራሽ ሊያቀርበው ነበር። ዞኑም ወደደው፣ ክልሉም ወደደው። ሊቅ ተባለ።»

«ጥናቱ ላይ የእርስዎ ስም አለ?»

«የሱ ብቻ ነው» አለ ለይኩን፤ ፈገግታው ትንሽ ዘግይቶ መጣ። «ምንም አይደል። የሰኞው ንባብ የግድ ነው፣ እንዳትቀር ብዬ እንኳ አበረታትቼው ነበር። ምስኪን ልጅ።»

«እርስዎ ወደ ረግረጉ የወረዱት መቼ ነው?»

«ሦስት ሳምንት ሆኖኛል።»

የሰዓቱ ማሰሪያ መጋጠሚያዎች መካከል ቢጫ ነገር ገብቷል። ታንጉ ስታየው አየና ሳቀ። «ምሳ አልጫ ነበር። እርድ ነው።»

ታንጉ ከክፍሉ ስትወጣ አንድ ነገር ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። ሰውየው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ ሟቹ ሲያወራ አንድ ጊዜ እንኳ «አበባው» አላለም። ልጁ አለ፤ ሊቅ አለ፤ ምስኪን አለ። ስም አለመጥራት ምን እንደሆነ ታንጉን የሚያስረዳት ሰው አያስፈልጋትም። ፊቷ ጋለ፤ በሰውየው ቅናት ውስጥ የራሷን ማየቷ አሳፈራት።

ረቡዕ ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሠላማዊት ከነልጇ ከፖሊስ ጋር ከፊት ተቀመጠች። ሩፊዳ ከበሩ አጠገብ፣ ሐጂና ጌጡ በተቃራኒ ጥግ፣ ለይኩን ከሰነዶቹ ጋር መሐል ላይ። ዙፋን ሰዓቷን እያየች ቆመች። ፍርድ ቤቱ ሊከፈት ሁለት ሰዓት ቀርቶታል።

ታንጉ ከአበባው መሳቢያ ያገኘቻቸውን ብርሃን የሚያሳልፉ ስስ ወረቀቶች ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች። አንዱን መስኮቱ ላይ ለጠፈችው። ቀጭን ጥላ ታየ።

«ይህ አንድ ቦይ ነው» አለች። «ለብቻው ምንም አይደለም።» ሁለተኛውን በላዩ ለጠፈች፤ ሦስተኛውን፤ አራተኛውን። አሥራ አንደኛው ሲለጠፍ ከካርታው ግማሹ ጠቆረ። «አበባው የሠራው ይህን ነው። እኔ ደግሞ የእሱን ሞት በዚሁ መንገድ አየሁት።»

ወደ ሰዎቹ ዞረች።

«አቶ ጌጡ እሑድ ቀን ከታች ደፈኑ። ይህ ብቻ ቢሆን ብዙ የሚመጣ ውሃ ስላልነበረ ግንዱ ደረቅ ይሆን ነበር። ሐጂ አመሻሽ ላይ ከላይ ከፈቱ። ይህ ብቻ ቢሆን ውሃው ወደ ታች ያልፍ ነበር። ሁለቱ ሲገናኙ ውሃው መሄጃ አጣና ግንዱን ሁለት ስንዝር ዋጠው፤ በማዳበሪያዎቹ ሥር የሚሾልከው ደግሞ ከታች መሳብ ጀመረ። ዘንግ ቢኖረው አበባው ግንዱን እየፈተሸ ይመለስ ወይም ይሻገር ነበር። ዘንጉን ሠላማዊት ደብቃዋለች። ሦስታችሁም የየራሳችሁን ቅናት ይዛችሁ የየራሳችሁን ትንሽ ነገር ሠራችሁ። ማናችሁም የሌላውን አላወቃችሁም።»

«እንግዲህ አደጋ ነው ማለት ነዋ!» አለች ዙፋን።

«ሁሉንም የሚያውቅ ሰው ባይኖር አደጋ ነበር። ግን ሦስቱንም ዓርብ ዕለት አንድ ሰው አነጋግሯቸዋል። ለአንዱ ድፈን፣ ለአንዱ ክፈት፣ ለአንዷ ተጠንቀቂ። ሦስቱም አዘነልኝ ብለው ስሙን ደበቁ። ሠላማዊት፣ ዘንጉን መደበቁን ያሰብሽው አንቺ ነሽ?»

ሠላማዊት ቀና አለች። «አይ። ‹ዘንጉን ብትሸሽጊበት ይቀርልሽ ነበር› ብሎኝ ነው።»

«በመጨረሻም ቀዩ ጨርቅ አለ። ሐጂ አስረውታል። ጠዋት ግን አልነበረም። አበባው ጨርቅ ባለማየቱ የቆመ ውሃ መሰለው፤ በልማዱ ታምኖ ገባ። ጨርቁን የፈታው ሰው ገዳዩ ነው።»

ሦስቱም መሬት ያያሉ፤ ስም የሚጠራ የለም። ታንጉ ይህን ጠብቃ ነበር። የትኛው ቁስል ሲነካ ሰው እንደሚጮህ ታውቃለች፤ ስድስት ወር ሙሉ እሷ ላይ ያለ ቁስል ነው።

«አቶ ለይኩን ነው የሚል ሊኖር ይችላል» አለች ረጋ ብላ። «እኔ ግን አልጠረጥረውም። እሱ አሥራ አንድ ፈቃድ አንድ በአንድ ፈርሞ ድምሩ ያልታየው ሰው ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚታየው። ይህን ያህል ነገር ደራርቦ ማሰብ የሚችል ጭንቅላት እዚህ መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም አበባው ነው።»

«ያልታየው?» ለይኩን ተነሳ። አንገቱ ላይ ደም ሥሩ ቆመ። «እኔ ነኝ ያልታየኝ? ወረቀት መስኮት ላይ መደራረብን ማን አስተማረው? ከዩኒቨርሲቲ ሲመጣ እርሳስ መያዝ አያውቅም ነበር! መመሪያው ስለማይጠይቅ ተውኩት እንጂ እኔ ከእሱ በፊት ደምሬዋለሁ! ስሜ የታለ? ማን ሊቅ አለኝ? የእሱ ድምር ሦስት ቦታ ተሳስቶ ያረምኩት እኔ ነኝ። የእኔ ድምር በአንድም አልሳ—»

አፉን በእጁ ያዘ። ጊዜው ግን አልፎ ነበር።

«እሱ ነው!» አሉ ሐጂ ሙኽታር ከጥግ። «እሑድ ክፈት ያለኝ እሱ ነው!» ጌጡ ሐጂን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጥላቻ አያቸው። «ለእኔም ድፈን ያለኝ እሱ ነው» አለ። ሠላማዊት በዝምታ ራሷን ነቀነቀች።

«ሰዓትዎን ያውልቁልኝ» አለች ታንጉ። ለይኩን አላወለቀም፤ ዙፋን ራሷ ሄዳ አወለቀችው። ታንጉ ማሰሪያውን በሳሙና ውሃ በራሰ ጨርቅ አሸችው፤ ቢጫው አልለቀቀም። «እርድ በውሃና በሳሙና ይለቃል። ይህ የዘይት ቀለም ነው። ሩፊዳ ምሰሶውን ስለቀባች ቀለም ነክቷታል። ሐጂ ጨርቁን ስላሰሩ ነክቷቸዋል። ከእኔ ሌላ ከእሑድ ከሰዓት ወዲህ ያንን ምሰሶ የነካ ሦስተኛ ሰው አለ፤ ሦስት ሳምንት አልወረድኩም የሚለው ሰው። የሰኞው ንባብ የግድ ነው ብሎ አበባውን ወደ ግንዱ የላከውም እሱ ነው፤ በራሱ አፍ ነግሮኛል።»

ለይኩን ተቀመጠ። «ስሜን ቢጽፍልኝ ኖሮ» አለ። «ከሥሩ እንኳ ቢጽፈኝ።»

ካቴናው ሲገባለት ዙፋን ወደ ታንጉ ጠጋ አለች። «ጎበዝ። ለዞኑ እኔው ሪፖርት አደርገዋለሁ» አለቻት። ታንጉ «እሺ» አለች። ያ የታወቀ ቅናቷ ተነሳ። ዙፋን ተሳስታ ተገኝታ እንኳ አልሻረም፤ ታንጉ በዚህ ሳቀች፤ ከልቧ ግን አልነበረም።

ሠላማዊት ነጻ ነሽ ተባለች። አልተነሳችም። ልጇ ትከሻዋ ላይ ተኝቷል፤ ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነው።

«እመቤቴ» አለች። «የእኔን አንዷን ወረቀት ብናነሳት ይተርፍ ነበር?»

ታንጉ መዋሸት ትችል ነበር፤ ማንም አይፈርድባትም። አጠገቧ ተቀመጠች።

«ይተርፍ ነበር» አለች። «የሐጂንም ብናነሳ ይተርፍ ነበር። የጌጡንም። የማናችሁንም። በሕግ ግን ነጻ ነሽ፤ ይህን ያደረገው እሱ ነው።»

ሠላማዊት አላለቀሰችም። በሩ አጠገብ የሚንቀሳቀስ ነገር ሰምታ ዞረች። ሩፊዳ ናት፤ ነጠላዋን አጣፍታ ልትሄድ ተነስታ በሩን ይዛ ቆማለች። ሁለቱ ሴቶች ፊት ለፊት ሲተያዩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

«ሰው የነገረሽን ወሬ አትመኚ» አለች ሩፊዳ። «የቀናሁስ እኔ ነኝ። ቁጥሩን አንብቦ ሲጨርስ ዳሱ ሥር ተቀምጦ ስለ አንቺ ነው የሚያወራ። ባሌ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፤ ስለ እኔ እንዲያ የሚያወራ ሰው በዓለም ላይ የለም። ተወኝ፣ ሻዬን ላፍላ እለው ነበር። አይተወኝም።»

ሠላማዊት ብድግ አለች። ልጇን እንዳይነቃ ደግፋ አዳራሹን አቋርጣ ሄደች፤ ሁሉም ልትመታት ይሆን ብሎ አያት። እሷ ግን ሩፊዳ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ቁጭ አለችና እጇን ጎትታ አስቀመጠቻት።

«ምን ይልሽ ነበር?» አለቻት። «ሁሉንም ንገሪኝ። ከመጀመሪያው ሰኞ ጀምረሽ።»